ሜሪ ከአላስካ መጥታ «በልቻለሁ» አለችኝ

ዛሬ እዚህ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካለ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋብዤያት፣ ምግቡ ሲቀርብ ሜሪ «ይቅርብኝ፣ በልቻለሁ» አለችኝ። ደነገጥኩ።

ሜሪን ያወቅኳት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ለሳመር ሥራ ከኦክላንድ አላስካ ሄጄ ዓሣ ፋብሪካ አብረን ስንሠራ። አንድ ቀን ሰሜን ጫፍ ወዳለችው የዓሣ አጥማጆች መንደሯ ይዛኝ ሄደች።

በትንሽ ጀልባ ስንጓዝ ውለን አንጀቴ ታጥፎ ነበር። ቤቷ እንደገባን ትኩስ የሳልመን ዓሣ አቀረበችልኝ። እኔ ግን የጨዋ ልጅ ነኝ፤ «በልቻለሁ» አልኩና «በሞቴ» እስክባል ጠበቅኩ።

«ኦኬ» ብላ ሳህኑን አነሳችው።

የዚያን ሌሊት፣ እንደ አገሩ የሳመር ልማድ፣ ፀሐይዋም አልጠለቀች፣ የኔም ሆድ አልተኛ።

ጠዋት አበላሌን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እኛ ጋ እንግዳ ካልተለመነ እንደማይበላ ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ከዚያ ወዲህ ሲርበኝ ርቦኛል ማለት ለመድኩ።

ዛሬ ታዲያ በሷ አገር ደንብ ሳህኑን ላነሳ ስል፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የነጣው ሜሪ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«አትለምነኝም እንዴ? እየጠበቅኩህ እኮ ነው።»

በሞቴ ብዬ አጎረስኳት።

እናንተስ «በልቻለሁ» ብላችሁ ጦማችሁን ያደራችሁት የት አገር ነው?