ነጎድጓድ ሲመጣ የምትነቀለው ሣጥን

ቡራዩ በተከራየኋት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ በአልጋዬና በበሩ መሃል አንዲት ጥቁር ሣጥን ቀን ከሌት ትበራለች። የማስተርስ ጥናቴ እሷ ናት። የቤቱም አባወራ እሷ ናት፤ እሷ ሳትፈቅድ የትም አልሄድም። ኦቦ የምላቸው አከራዬ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብቅ ብለው «ሣጥንሽ አካም ቡልቴ? ደኅና አደረች?» ይሉኛል። እኔ ደኅና ማደሬን የሚጠይቅ ጠፋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥናቱ ፋይልን በአንድ ትልቅ ማዕከል ከማከማቸት ይልቅ ቆራርጦ በተራ ሰው ቤት ባሉ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ማስቀመጥ ነው። የቱ ቁራጭ የት እንዳለ ብሎክቼን የሚባል የጋራ መዝገብ ይይዛል። አለቃ የለ፣ ማዕከል የለ። አንደኛዋን ሣጥን ሰበታ እትዬ ጋ፣ ማለትም ወንድሜንና እኔን ያሳደጉን አክስቴ ቤት፣ ሁለተኛዋን ሱሉልታ ወንድሜ ቤት፣ ሦስተኛዋን እኔው ጋ አኖርኩ። አንዷ ብትጠፋ ፋይሉ ከሌሎቹ ይገኛል። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ ግን ሙከራው ተቋረጠ፣ አበቃ።

አማካሪዬ «ሙከራው ክረምቱን ሳይቋረጥ ካለፈ፣ ውጭ አገር ያለው ቤተ ሙከራ የሚቀበለው ተማሪ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚህች ክፍል የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም።

ታሰርኩ በቃ። የጓደኛዬ ሠርግ አመለጠኝ። የሱሉልታዋ ሣጥን በተዘጋች ቁጥር እሮጣለሁ። ሱሉልታ ከቡራዩ ማዶ ነው፤ ታክሲው ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ይከትሽና ነው የሚያወጣሽ። ማዕከል የሌለው ነገር አጠናለሁ የምል ሰው፣ መሃል ከተማ ተሰልፌ በዝናብ እበሰብሳለሁ። ኧረ እኔስ ምን በደልኩ!

ከሁሉ የባሱት እትዬ ናቸው። የጎረቤታቸው ቴሌቪዥን በመብረቅ ከተቃጠለ ወዲህ፣ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ሣጥኗን ከነባትሪዋ ነቅለው ዳንቴል ያለብሷታል።

«እትዬ፣ ስለ እመብርሃን፣ አይንቀሏት!»

«ቤቱ ከሚቃጠል ያንቺ ትምህርት ቢቀርስ?»

ለምኜ ለምኜ «እሺ፣ ላንቺ ስል» አሉኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ መጣ። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ አንድ ደመና ነው። መብረቁ ቆርቆሮው ላይ የወረደ መሰለኝ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው፣ እያለቀሱ።

«ነቀልኳት ልጄ! አቃተኝ፣ ነፍሴ አልቻለችም!»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው እጄን ያየሁት። የራሴ ሣጥን ገመድ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል። መቼ እንደነቀልኩት አላውቅም። ወንድሜ ጋ ስደውል እሱም ነቅሏል። ያደግነው እኮ እሳቸው ቤት ነው! ሦስት ከተማ ላይ በትኜ ያስቀመጥኩት ፋይል በአንድ ነጎድጓድ ጠፋ።

አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልሰናበት ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን መትተው ሳቁ። «ጎበዝ! ሣጥኖቹ ይራራቃሉ፣ ፍርሃቱ ግን አንድ ነው። ይኼን ማንም አላሰበውም።» ቤተ ሙከራውም ወደደውና የጥናት ቦታው ተሰጠኝ።

ሥራው ግን ለጊዜው እዚሁ ነው። በእነዚያው ቤቶች፣ በእነዚያው ሣጥኖች ሌላ ክረምት፤ መሄድ ከዚያ በኋላ ነው። «ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ይሁኑ» አሉኝ አማካሪዬ። «ንቀሉም አትንቀሉም እንዳትያቸው። አንድ ቃል ከተነፈስሽ ክረምቱ አይቆጠርም።» ደስ ይበለኝ ወይስ ልጩህ? ወደ ክፍሌ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተደፋሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ መጣብኝ» አሉ። አፌን በእጄ ያዝኩ። «አይዞሽ፣ አልነቅላትም። አምና አሳፍሬሻለሁ። አሁን አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።»

ነጎድጓዱ በስልኩም በመስኮቴም ገባ። እትዬ «በስመ አብ፣ በስመ አብ» ይላሉ። ጥርሴን ነከስኩ። ትንሽ ነው የቀረው፣ ቻይው አንቺ ልጅ፣ አልኩ ለራሴ። ነጎድጓዱ ደግሞ ጮኸ። እትዬ እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ሰማሁ።

«ይንቀሏት!» አልኩ። «እትዬ፣ አሁኑኑ ይንቀሏት!»

ስክሪኔ ላይ የሰበታዋ አረንጓዴ ነጥብ ጠፋች። እትዬ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተባረኪልኝ የኔ ልጅ» አሉ። «መንገድሽን ያቅናልሽ።»

«አሜን» አልኩና ዘግቼ፣ ክረምቱ እንደማይቆጠር ልነግራቸው ለአማካሪዬ ደወልኩ።