ፊታውራሪውና በቅሎ ጎታቹ

ዛሬም ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ባለችው ሱቄ የበሶብላ ጆንያ ሲፈታ፣ ከደንበኛ በፊት የምትመጣብኝ እናቴ ናት።

በደርግ ጊዜ እናቴ መርካቶ ውስጥ የቅመም መደብ ነበራት። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ገበያተኛው ይጠፋና፣ እሷ ኮረሪማ እየፈለፈለች እኔንና ታላቅ እህቴን አልማዝን አጠገቧ አስቀምጣ፣ መንዝ ስለቀሩት ዘመዶቿ ታወራልን ነበር። ከሁሉም የሚበልጡት አያቷ ፊታውራሪ ዘርጋው ነበሩ። ቁመታቸው በየክረምቱ ይጨምር ነበር፤ አንድ ዓመት በሩን ጎንበስ ብለው ያልፉታል፣ በሚቀጥለው ዓመት በሩ ለእሳቸው ሲባል ተነቅሏል። ነጋዴ ዕቃውን ማሳመሩ ያለ ነው። ወሬዋን ስትጨርስ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኼ ከዚህ ቆርቆሮ እንዳይወጣ» ትለን ነበር።

ያኔ የባላባት ዘር መባል ያስጠይቃል፣ መደብም ሊያስነጥቅ ይችላል። ስለዚህ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ስለ ዘራችን ከተጠየቅን «ጭሰኞች ነበሩ» እንድንል ታስጠናን ነበር። እኔ ላልጠየቀኝም ሁሉ መናገር ስለጀመርኩ በቁንጥጫ አስቆመችኝ።

ኅዳር ላይ አልማዝን የሚጠይቁ ሽማግሎች መጡ። ልጁ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ጋራዥ የሚሠራ ሲሆን፣ አልማዝ እንደምትወደው አፍ አውጥታ ባትናገርም ፀጉሯን በምትሠራበት ቀን ይታወቅባት ነበር። ወገኖቹ መንዜዎች ስለሆኑ፣ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። አባቴ ጎጃሜ ስለሆነ በእሱ በኩል ማንም አልተጨነቀም፤ ቆጠራው እናቴ ላይ ወደቀ። ሽማግሎቹ አጥንት ይመርጣሉ ተብሏል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ ሳይጠራ በጎረቤት ስም መጥቶ፣ ከሁሉ የሚመቸውን ወንበር ይዟል። ፊታውራሪውን ብትጠራ መደቧ፣ ባትጠራ የልጇ ትዳር ሊሄድ ነው ብለን እኔና አልማዝ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመን እናዳምጣለን።

እናቴ ያለ ማዕረግ ባዶ ስም መቁጠር ጀመረች። አባቷን ጠርታ፣ ቀጥላ «ዘርጋው» አለች።

የልጁ አጎት ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን አቆሙ። «ቆይ እስቲ ወይዘሮ ብርቄ፣ ፊታውራሪ ዘርጋው ናቸው?»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ኧረ አያስቁኝ ጋሼ» አለች። «የእኔ አያት የፊታውራሪው በቅሎ ጎታች ነበሩ። ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ ጌትየው ሲጠሯቸው ራሳቸውን የሚጠሩ ይመስል ነበር አሉ።»

«በቅሎዋስ ዘርጋው ነበረች?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሷስ የራሷ ስም ነበራት፣ ዳማ።»

ሊቀመንበሩ ሲስቅ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተሰማ ግን አልሳቁም። «መልካም» አሉ ቀስ ብለው፣ «ፊታውራሪው የልጃችን ቅድመ አያት ናቸው። የእርስዎም አያት ቢሆኑ ኖሮ፣ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸውና ዛሬውኑ ተነሥተን እንሄድ ነበር።»

አልማዝ ክንዴን ጨመደደችው። እኔ የእናቴን ፊት በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፤ ምንም አልተለወጠም። ቆጠራዋን እስከ ሰባተኛው አድርሳ፣ ጥር ላይ አልማዝን ዳረች።

በማግስቱ፣ «እማዬ፣ ፊታውራሪውስ?» ስላት፣ «አንቺ ኮረሪማሽን ፈልፍዪ» አለችኝ።

የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ መደብ እንዳይወሰድባት ልትዋሽ ትችላለች፤ ልጇን ለሥጋ ዘመዷ ለመዳር ግን አትደፍርም፣ ከመሞት ይልቅ እሱን ትፈራ ነበር። የበቅሎዋም ስም ሳታስብ ነው ከአፏ የወጣው። ጭሰኞች ነበሩ ብላ ያስጠናችን እውነቱን ነበር ማለት ነው፤ ፊታውራሪውን ያመጣችው፣ ክረምቱን በባዶ እጅ እንዳናልፈው ነው። እንዳይወራባት የፈራችውም ቀበሌውን ብቻ ሳይሆን፣ የሚያውቃትን የመንዝ ሰውም ጭምር ኖሯል።

አሁን እናቴ የለችም። ያኔ የሚደበቀው ማዕረግ ዛሬ በየሱቁ ይወራል፤ የጎረቤቴ ቅድመ አያት እንኳ ባለፈው ዓመት ደጃዝማች ሆነዋል። የአልማዝ ልጆች ፊታውራሪ ዘርጋውን ሲጠሩ ግን እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ በአባታቸው በኩል የራሳቸው ናቸው። እናቴ ያንን ሁሉ ክረምት ልታወርሰን የደከመችባቸው ሰውዬ፣ እሷ በገዛ አፏ ከለቀቀቻቸው በኋላ በልጅ ልጆቿ በኩል ቤቷ ገቡላት።