ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶዎች አንዷ

ራጅ አንሺው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት ሲያነሣ ኖሮ፣ ጡረታው ሲቃረብ ዐይኑን ወደ ሰማይ ጣለ። ጣራው ላይ ቴሌስኮፕ ተከለ፤ ካሜራ አሰረበት፤ በዐይን የማትታይ አንዲት ሩቅ ጋላክሲ ሲያሳድድ ሦስት ዓመት ሰማይ ቧጠጠ። ብርሃኗ ደካማ ነውና አንድ ፎቶ አይበቃትም፤ አምስት አምስት ደቂቃ የፈጁ ከሁለት መቶ በላይ ፎቶዎች አጠራቅሞ በኮምፒውተር መደራረብ ነበረበት።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያንተ ነገር ነው» እያለች ባለቤቱ ትቀልድበት ነበር። አንድ ምሽት ካሜራው ተከፍቶ ሳለ፣ ካፖርቱን ይዛለት ደረጃውን በእጅ ባትሪ እያበራች ወጣች።

«ምነው ድምፅ ብታሰሚ? አበላሸሽው እኮ» ሲል ተቆጣ።

«ኧረ ወዲያ። ስንት ሚሊዮን ዓመት የጠበቀች፣ አምስት ደቂቃ ብትጨምር ምን ትሆናለች? ይልቅ ልበስ፤ ብርድ ቢመታህ አስታማሚዋ እኔው ነኝ።»

ካፖርቱን ለበሰ፤ አመሰግናለሁ ግን አላለም። በዓመቱ የታመመችው እሷ ሆነች። አልዳነችም።

ወራት አልፈው ሴት ልጁ፣ «አባዬ፣ ያቺን ጋላክሲ ጨርሳትና ሳሎን እንስቀላት» ብላ ወተወተችው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን ሲደረድር የዚያች ምሽቷን አገኘ፤ ከጥጓ የባትሪ ብርሃን ፈሶባታል። የተበላሸ ፎቶ ወዲያው መደምሰስ ልማዱ ነበር፤ ይቺ እንዴት እንደተረፈች አላወቀም። አሁን ግን አልደመሰሳትም። ከሁለት መቶ አሥራ አንዱ ጋር ጨመራት።

ጋላክሲዋ ክንዶቿን ዘርግታ ብቅ አለች። የባትሪው ብርሃን ግን የለም። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ብቻ የታየውን ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ ይጥላል፤ እንዲያ ያዘዘው ደግሞ ራሱ ነው። ትእዛዙን ሰረዘ። አሁንም ያ ብርሃን ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተካፍሎ ድምጥማጡ ጠፋ። ስለዚህ ደህና ደህናዎቹን ያወጣ ጀመር። መጀመሪያ መቶ ቀነሰ፤ ቀጥሎ ሌላ መቶ፤ ከዚያም አንድ በአንድ። ጥጉ እየፈካ በሄደ መጠን የጋላክሲዋ ክንዶች እየደበዘዙ ሄዱ።

ልጁ ከኋላው ቆማ አየችው።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው? ክንዶቿ ጠፉ እኮ። ሦስት ዓመት የለፋህባት!»

«አውቃለሁ።»

«ጥግ ላይ ያለው ጭጋግስ ምንድን ነው?»

«እናትሽ ናት። ካፖርት ይዛልኝ ስትወጣ።»

ልጅቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስንት ፎቶ ቀረ?»

«አራት።»

«እስቲ አንዷን ደግሞ አውጣት» አለችው።