ቆጮ የሚቆርጠው ልጄ

ደርግ ከወደቀ በኋላ ከአገራችን ከእንሴኖ ጎረምሳው ሁሉ መርካቶ ይገባ ነበር፤ የእኔም ልጅ ገባ። «ጨርቅ እሸጣለሁ» ብሎ መልእክት ላከልኝ። እኔም ጨርቅ ነጋዴ ነው እያልኩ ሚስት ጠየቅኩለት። የልጅቱ አክስት፣ የአባቷ እህት፣ ግን ጠንቃቃ ናት፤ «በዓይኔ ካላየሁ ወንድሜን እሺ በል አልለውም» አለች። ተያይዘን ከቡታጅራ አውቶቡስ ተሳፈርን።

እኔ እግሬ የማያርፍ ሰው ነኝ፤ ያልዞርኩት ገበያ የለም እል ነበር። መርካቶ ስገባ አፌን ያዝኩ። በርበሬው ብቻውን ሰፈር ነው፣ ቅቤው ብቻውን ሰፈር ነው። አክስቲቱ ቅቤ እያሸተተች ስትከራከር፣ እኔን የቆጮ ሽታ ጠርቶኝ ወደፊት አለፍኩ።

ልጄ እዚያ ነበር። ቆጮ ፊት ተንበርክኮ፣ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ፣ በቢላዋ እየቆረጠ፣ «ነይ እናቴ፣ ቅመሺ» ይላል። ደርቄ ቀረሁ። በእኛ አገር እንሰት መፋቅ፣ ቆጮ ማሸት የሴት እጅ ነው። ሴቶች ሲፍቁ ወንድ በዚያ እንኳ አያልፍም።

ቀና ሲል ተያየን።

«እማዬ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ጨርቁ አልሆነልኝም።»

«ያጨሁልህ ልጅ አክስት ከኋላዬ ናት» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «ተነስ» ብዬ ቢላዋውን ተቀበልኩትና በቦታው ተቀመጥኩ። እሱ እጁን ጠራርጎ እንደ ባለቤት ከኋላዬ ቆመ።

አክስቲቱ ደረሰች። «አሰላሙ አለይኩም» አለችው፤ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንቺ ደግሞ ገና ከመኪና ሳትወርጂ ሥራ ያዝሽ?»

«ጨርቁን ትቶ ቆጮ ይዟል። ለመቁረጡማ ሴት አለው» አልኩ።

ይሄኔ ዘንቢል ያንጠለጠለች አንዲት የከተማ ሴት ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ልጁ ይቁረጥልኝ። የሱን እጅ ነው የለመድኩት» አለችኝ።

አክስቲቱ የልጄን ክርን አየች፤ ሳይጠርገው የቀረ ነጭ ቆጮ ደርቆበታል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች፤ ትስቅ ይሁን ታዝን አልለየሁም።

«ለጁምዓ እንሴኖ ትመጣለህ» አለችው በመጨረሻ። «ክርንህን ታጥበህ ና። ወንድሜ እንደኔ አይደለም።»

ሴትዮዋ አሁንም ቆማ ትጠብቃለች። ቢላዋውን ለልጄ መለስኩለት።