የሳሚ ፎጣ

ከድራየር፣ ከልብስ ማድረቂያው ማሽን፣ የወጣ ትኩስ ፎጣ ሲሸተኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ሳሚ የተማረበት የሃይስኩል ክፍል ድቅን ይልብኛል። ሳሚ መናገር አይችልም፤ የሚማረውም ስፔሻል ኤጁኬሽን፣ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ክፍል ነበር። እማዬ አሜሪካ ድረስ ያመጣችው፣ የዚህ አገር አስተማሪዎች አፉን ይፈቱልኛል ብላ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወላጆች በተጠሩበት ቀን እማዬ የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ከሥራ በቀጥታ እኔን ይዛ ሂልቶፕ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤቱ ነዳች።

አስተማሪዋ ፈገግ ብላ "ሰርፕራይዝ አለን!" አለች። ሳሚ ክፍሉ ጥግ ካለው ድራየር ፎጣ አወጣ፤ ጠርዙን ከጠርዝ አገጣጥሞ አጠፈና በመዳፉ ዳበስ አደረገው። አስተማሪዋ አጨበጨበች፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሆቴል ውስጥ ፎጣ ስታጥፍ የምትውለው እማዬ ግን እጇ አልተነሳም። ሳሚ ቆሞ ያያታል።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን እንደያዘች፣ "ይሄንንማ እኔም አስተምረው ነበር" አለች።

የኮራችበት መስሎኝ "ሂ ኢዝ ሶ ጉድ፣ ማሚ!" አልኳት።

እማዬ ካረፈች ወዲህ ሳሚ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ዛሬም ፎጣ አጥፎ ሲጨርስ አጨበጭብለታለሁ። እሱ ግን እኔን አያይም፤ በሩን እያየ ይጠብቃል።