ከሰባት ዓመት ወዲያ የምትደውል እናት

መጽሐፎቹን ያገኘኋቸው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት መደዳ ነው። የፈረንጅ ልጆች ንባብ የሚለማመዱባቸው፣ በምዕራፍ በምዕራፍ የተከፈሉ ቀጫጭን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። አንድ ወንድምና እህት በሰዓት ጠጋኝ ሱቅ የኋላ በር ይገቡና ሌላ ዘመን ላይ ይወጣሉ፤ አንዴ ፒራሚድ ሲሠራ፣ አንዴ መርከብ ሲሰምጥ ይደርሳሉ። በየምዕራፉ መጨረሻ ስለዚያ ዘመን የሚያስተምር ገጽ አለ። ቢቸና የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና ለልጆች ይጠቅማል ብዬ አመጣኋቸው። እውነቱን ለመናገር ከልጆቹ ይልቅ የወደድኳቸው እኔ ነኝ።

አድማጮቼ ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛ ክፍል የሆነው ልጄና አንደኛ ክፍል የገባችው የእህቴ ልጅ። እህቴ ዐረብ አገር ለሥራ ስትሄድ ልጇን በሦስት ዓመቷ ለእኔ ሰጥታኝ ነው የሄደችው። ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳው ላይ እንቀመጥና፣ እንግሊዝኛውን በዓይኔ እያየሁ በአማርኛ አወራላቸዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄን ከፍ ስለማደርግ ጎረቤቶቼ የምቆጣ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ እቆጣ ስለነበር አልፈርድባቸውም።

ሁለቱም ማቋረጥ እንጂ ማዳመጥ አያውቁም። ወንድምና እህቱ ፈርዖን ቤት ተጋብዘው የበሬ ጥብስ ሲቀርብላቸው፣ ልጄ ደንግጦ “ረቡዕ ቢሆንስ?” አለ።

“ክርስቶስ ገና አልተወለደም፤ የረቡዕ ጾም የለም” አልኩት።

“ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ቅበላ ነዋ!” አለ። በዚያ ዘመን አለመፈጠሩ ሲያንገበግበው ዋለ።

ኋላ የገጠመንን ችግር ያመጣሁት እኔው ነኝ። መጽሐፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት በተጠቀሰ ቁጥር “በእኛ ስንት ይሆናል?” እያልኩ አስቀንሳቸዋለሁ፤ የመምህር አመል አይለቅም። የፈረንጅ አቆጣጠር ከእኛ በሰባት በስምንት ዓመት ይቀድማል አልኳቸው። ትንሿ የእህቴ ልጅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ ቆይታ፣ “እማዬ ያለችበት አገርስ?” አለች።

“እዚያም እንደ ፈረንጅ ነው የሚቆጥሩት” ብያት ገጹን ገለጥኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ።

በሳምንቱ ኔትወርኩ መጣና እህቴ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ “እማዬ፣ ስምንተኛ ክፍልን አለፍኩ?” ብላ ጠየቀቻት።

“አንደኛ ክፍል ነሽ እኮ፣ የኔ እናት! ምን ነካሽ?” አለች እህቴ።

ትንሿ ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ታውቃለች እኮ፤ እንዳትናገር ተከልክላ ነው” አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። መጽሐፎቹ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ከፊት ዘመን የመጣ ሰው ላለፈው ዘመን ሰዎች የሚሆነውን መንገር አይፈቀድለትም። ለእሷ እናቷ ያለችው ሌላ አገር ብቻ ሳይሆን ሌላ ዘመን ነው፤ ከሰባት ዓመት ወዲያ ሆና ነው የምትደውልላት። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በማግስቱም መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አውርቼ ሁሉንም አሳቅኋቸው።

ሳቁ የቆመው እህቴ “ኮንትራቴ አልቋል፤ መጣሁ፤ ሞጣ እናታችን ቤት ጠብቁኝ” ስትል ነው። እኔ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ልጅቷ ግን መጽሐፍ ስገልጥ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ምግብም ቀነሰች። አንድ ከሰዓት ጠጉሯን እየሠራሁላት፣ “ምነው? እናትሽ መምጣቷ ደስ አላለሽም?” አልኳት።

“ትመለሳለች። መጽሐፉ ላይ ሁሌ ወደ ዘመናቸው ይመለሳሉ” አለችኝ፤ ደግሞ፣ “እታለም፣ እሷ የለመደችው ትልቋን እኔን ነው። ትንሿን ምን ታደርጋታለች?” አለች።

ወደ እኔ አዞርኳት። ዓመቱ ያው አንድ ነው፤ የሚለያየው የሰው ቆጠራ ብቻ ነው አልኳት። ፀሐይዋም አንድ ናት፣ ዛሬ እዚህ ማክሰኞ ከሆነ እዚያም ማክሰኞ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ እንዳላመነችኝ አየሁ። የክርስቶስን ልደት ሲቆጥሩ ሳይስማሙ በቀሩት የጥንት ሊቃውንት ሁሉ ተናደድኩ። እህቴ ያን ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ስትለፋ ያቆያት ይህችን ልጅ የማቀፍ ተስፋ ነው። ልጅቷ “እሷ ጋ አልሄድም” ካለች እህቴን ምን ልላት ነው? ፍርሃቴ ይኸው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ከቢቸና ተነሣን። ጉንደ ወይን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሙዝ ገዛሁላቸው፤ ልጄ የእሱንም የእሷንም በላ። ሞጣ እናቴ ቤት ስንደርስ ዘመድ ሞልቶ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ እህቴ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣች። እልልታው ቀለጠ። እሷ ግን ማንንም ሳትስም እጆቿን ዘርግታ ልጇን ፈለገች፤ ልጇ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። “ነይ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ናት!” እያሉ ዘመዶቼ ሊጎትቷት ሲሉ ተቆጣሁ፤ “ተዉአት!” አልኩ። የእህቴ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ያን ማየት አልቻልኩም።

ዘመዱ ወደ ምግቡ ዞር ሲል ሦስታችን ጓዳ ገባን። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻንጣዋን ከፈተችና አበባ ያለበት ሮዝ ጫማ አወጣች። ልጅቷ ጫማውን አይታ አላስቻላትም፤ ቀረብ ብላ እግሯን ሰጠች። አልገባም። እህቴ ክሩን ፈትታ ሞከረች፤ ተረከዟ ውጭ ቀረ።

“ጠበበሽ?” አለች እህቴ። “ስልኩ ላይ የማየው ፊትሽን ብቻ ነው። እግርሽ እንዲህ ማደጉን አላወቅኩም። ምንም አላወቅኩም፣ ልጄ።” ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ልጅቷ ጫማውን፣ ከዚያ እናቷን፣ ከዚያ እኔን አየች። ፊቷ በራ።

“አታውቅም!” አለችኝ፤ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። “እታለም፣ ትልቋን አታውቃትም! እኔን ራሴን እንኳ አታውቀኝም!”

አልጋው ላይ ዘላ ወጣችና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላውን ከፊቷ ላይ ገልጣ፣ “አታልቅሺ፣ እኔ እነግርሻለሁ” አለቻት። እናቷ ከሄደችበት ቀን ጀመረች፤ እኔ በሙዝ ሳባብላት፣ እሷ ሙዙን ስትወረውረው፣ የጎረቤት ዶሮ ስታነሣው። እህቴ በእንባዋ መካከል “እ፣ ከዚያስ?” ትላታለች።

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው። ስወጣ በወሬዋ ውስጥ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች።