ከደቅ ጋር የተጫወትሁት ሰንጠረዥ

የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ከሐይቁ ወደ ግቢያችን በገባ ቁጥር እግሬን ይበላኝ ነበር። አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ላይ ትልልቆቹ ከስብሰባ ስብሰባ ሲሮጡ፣ እኛ ልጆች ከአጥር እንዳንወጣ ተከልክለን ነበር። እኔ ደግሞ አያቴ መሪጌታ ያሉበት ደቅ ደሴት ካልሄድሁ ብዬ ቤቱን አመስሁት። እናቴ ጆሮዋ ሲደነቁር ጊዜ፣ “አያትሽን በቼዝ ካሸነፍሻቸው ትሄጃለሽ” አለችኝ። እንደማላሸንፍ ታውቃለቻ! እኔ ቼዝን የተማርሁት አባቴ ከፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት በትከሻው ላይ አጮልቄ ነው፤ አባባ የምላቸው አያቴ ግን በአገሩ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ያረጁ ሰው ናቸው።

ጨዋታችን በጀልባ ይመላለስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሎሚ ይዞ ገበያ የሚመጣው አያ ምናሉ የእሳቸውን እርምጃ በብጣሽ ወረቀት አምጥቶ የእኔን ይወስዳል። አንድ ወታደር አስኬጄ ሳምንት ሙሉ ጥፍሬን ስበላ ከረምሁ። የመጣልኝ ወረቀት ግን በአንድ ጊዜ መዓት እርምጃ ተደርድሮበታል።

“አባባ አጭበረበሩ!” ብዬ ጮህሁ።

አያ ምናሉ በሳቅ ፈረሰ። “አንቺ ቀበጥ! በእሳቸው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ይወርራሉ። ‘እሷን ደግሞ ማን ያዛት?’ ብለውሻል።”

ተራ የለም! ለእኔ የተሠራ ጨዋታ። ፈረሶቹን፣ ንግሥቲቱን፣ ያለኝን ሁሉ አግተልትዬ ላክሁ፤ ለንጉሡ ጠባቂ እንኳ አላስቀረሁለትም። አባባ አንዱን ወታደሬን በሉና ተራ ተጀመረ። ያ ክረምት አላልቅ አለኝ። ደጅ ዝናብ፣ ውስጥ የእናቴ “ተቀመጪ!”። በየቅዳሜው ጭቃ እየረገጥሁ ወደ ወደቡ እሮጣለሁ፤ በየቅዳሜው አንድ ይበላብኛል።

መስከረም ሲጠባ፣ “ንጉሥሽ ሞቷል” የሚል መጣ። እንባዬ ዱብ አለ። ከሥሩ ግን እንዲህ ይላል፦ “እንዲህ ያለ ወራሪ አይቼ አላውቅም። መጥተሽ ፊት ለፊት ተሸነፊልኝ። እናትሽን አዝዣታለሁ።”

እናቴ ወረቀቱን ደግማ አየችው። “አባቴ ናቸው፤ ምን እላለሁ?” ብላ ነጠላዬን አቀበለችኝ።

አሁን የመሥሪያ ቤቴን ወንዶች በቼዝ እረታለሁ፤ እነሱም ያኮርፋሉ። አባባ አርፈዋል። ጀልባው ዛሬም ይሄዳል፤ ፈቃድ የምለምነውም ሰው የለም። እኔ ግን እሳቸው ካረፉ ወዲህ አልሄድሁም። ብሸነፍም ነይ የሚለኝ ሳይኖር፣ ያን ሁሉ ውኃ ምን ልሆን እሻገራለሁ?